ለሙዚቃ ማቀናበሪያ የሚሆነውን ሥርዓተ ክወና ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ፥ ከእኔ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የሚያገለግል አንድ ወዳጄ፥ የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ ወደ ክፍሌ መጥቶ፥ ኮቱን ሳያወልቅ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚከተለውን ጥያቄ አቀረበልኝ። «የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኛል። ልጄ ሙዚቃ ማቀናበር ይወዳል፤ ኮምፒዩተር ግዛልኝ ካለኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ በቤቴ ክርክር ተነሣ። ልጁ ዊንዶውስ ያለው ይሁንልኝ ይላል፤ የእኅቴ ልጅ ማክ ካልሆነ ገንዘብህን ወንዝ ውስጥ እንደ ጣልኸው ቍጠረው ይለኛል፤ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሊኑክስ የሚባል ምንም የማይከፈልበት አለ ይላል። አንተ ይህን ነገር ታውቃለህና እውነቱን ንገረኝ።»

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን በዚያው ሰዓት ለመስጠት አልደፈርሁም፤ ሰውየው የሚያወጣው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከመሆኑም ሌላ፥ ዕጣው ቀድሞ ስለ ደረሰው ወደ ፊት በየወሩ የሚከፍለው ዕዳ አለበት። ስለዚህ ጥቂት ቀን ስጠኝ ብዬ አሰናበትሁት። ይህንኑ ጥያቄ በየቤታችሁ የምትጠየቁ ወላጆችና ታላላቅ ወንድሞች ብዙዎች ትኖራላችሁ ብዬ ስለ ገመትሁ፥ ለእርሱ ያዘጋጀሁትን መልስ ዛሬ በእናንተ ፊት አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ ሥርዓተ ክወና፥ በውጭው አጠራር ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፥ ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ሁሉ የጠቅላላ አገልግሎት ኀላፊን ታውቁታላችሁ። እርሱ ራሱ ደብዳቤ አይጽፍም፥ ሒሳብም አይመረምርም፤ ነገር ግን የትኛው ክፍል ለማን እንደሚሰጥ፥ ቍልፉ በማን እጅ እንደሚውል፥ ተላላኪው በቅድሚያ የማንን ፋይል ይዞ እንደሚሄድ የሚወስነው እርሱ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ የሥርዓተ ክወና ሥራ ይኸው ነው። ዊንዶውስ፥ ማክ ኦኤስና ሊኑክስ የሚባሉት ሦስቱ፥ በጠባያቸው የተለያዩ ሦስት ኀላፊዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ተላላኪው ሩብ ሰከንድ ቢዘገይበት ከነጭራሹ አያውቀውም። ሙዚቃ ግን እንዲህ አይደለም። ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፥ በስቱዲዮዎች በተለመደው አሠራር፥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 48000 ጊዜ እየተለካ በቍጥር ይመዘገባል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ቍጥሮች አንድ በአንድ ሳይሆን በጥቅል በጥቅል እያደረገ ይቀበላል፤ ጥቅሉም በሙያው ቋንቋ ባፈር ይባላል። አንዱ ጥቅል 256 ቍጥር እንዲይዝ ቢደረግ 5.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ 1024 እንዲይዝ ቢደረግ 21.3 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ የመጀመሪያው ከክራር ተጫዋቹ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ እንደ መስማት ሲሆን፥ ሁለተኛው ከሰባት ሜትር በላይ ርቆ ከአዳራሹ ማዶ እንደ መስማት ነው። ድምፁ ሲገባም ሲወጣም በዚሁ መንገድ ስለሚያልፍ መዘግየቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ዘፋኟ የራሷን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይህን ያህል ዘግይቶ ከሰማችው ምቱ ይጠፋባታል። ታዲያ ጥቅሉን እናሳንሰው እንዳይባል፥ ጥቅሉ ባነሰ መጠን ተላላኪው አብዝቶ መመላለስ አለበት፤ በመካከሉ ኀላፊው ለሌላ ጉዳይ ቢልከው፥ በቀረጻው ውስጥ «ጠቅ ጠቅ» የሚል፥ በኋላም በቀላሉ የማይፋቅ ድምፅ ይገባል።

ሦስቱ ኀላፊዎች ይህን ተላላኪ የሚያስተዳድሩበት መንገድ ይለያያል። የዊንዶውስ የራሱ የድምፅ መንገድ የተሠራው ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ በአንድነት ደባልቆ ለማሰማት ነው፤ በዚህም ምክንያት ሽታይንበርግ የተባለው የሐምቡርግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 አሲዮ የሚባለውን ልዩ መንገድ አወጣ። ይህ መንገድ የሙዚቃ ፕሮግራሙን ከድምፅ ሳጥኑ፥ ማለት ኦዲዮ ኢንተርፌስ ከምንለው ማይክሮፎንና ጊታር ከሚሰካበት ዕቃ ጋር፥ በቀጥታ ያገናኛል። ነገር ግን ለየሳጥኑ ድራይቨር የሚባለውን አገናኝ ጽሑፍ የሚጽፈው የሳጥኑ ሠሪ ራሱ ስለ ሆነ፥ በዊንዶውስ ላይ የሥራችሁ ጥራት የሚንጠለጠለው በማይክሮሶፍት ብቻ ሳይሆን በሳጥኑ ሠሪም ትጋት ነው። በማክ ላይ ደግሞ ኮር ኦዲዮ የሚባለው መንገድ፥ ማክ ኦኤስ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣ ጀምሮ ከሥርዓተ ክወናው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ የዩኤስቢን የጋራ ደንብ የሚያከብር ሳጥን እንደ ተሰካ ይሠራል። በሊኑክስም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ጃክ የተባለው፥ በቅርብ ጊዜም ፓይፕዋየር የተባለው ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ ሊኑክስ ለፈጣን ሥራ ሰዓቱን እንዲያከብር ለማድረግ ሃያ ዓመት ያህል የተደከመበት ማሻሻያም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 6.12 እትም ውስጥ ገብቷል።

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ፍርድ ምንድር ነው? መልካም ድራይቨር ያለው ሳጥን ከተገኘ፥ ዛሬ በሦስቱም ላይ ሙዚቃ መቅረጽና ማቀናበር ይቻላል። «ማክ ላይ ድምፁ ይጠራል» የሚለው በየስቱዲዮው የሚሰማው ወሬ መሠረት የለውም፤ ቍጥር በየትም ቦታ ቍጥር ነውና አንዱን ፕሮግራም በአንድ ዓይነት አስተካክለን ብናሠራው የሚያወጣው ዜማ አንድ ነው። ወዳጄ ጥያቄውን ገልብጦ ያቀረበው በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ሥርዓተ ክወና ይሻላል ተብሎ ሳይሆን፥ ልጁ የሚሠራበት ፕሮግራም ማን ነው፥ የሚሰካውስ ሳጥን የትኛው ነው ተብሎ ነው። ኀላፊው የሚመረጠው ለሥራው ነው እንጂ ሥራው ለኀላፊው ተብሎ አይፈጠርም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስተምረኝ የሎጂክ ታሪክ ነው። ሎጂክ ኤማጂክ የሚባል የጀርመን ኩባንያ የሠራው የሙዚቃ ፕሮግራም ሲሆን፥ በማክም በዊንዶውስም ላይ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አፕል ኩባንያውን ገዛውና የዊንዶውሱ እትም እንዲቀር ተደረገ። በዊንዶውስ ላይ በሎጂክ ሲሠሩ የነበሩ ሙዚቀኞች ያላቸው ምርጫ ሁለት ብቻ ሆነ፤ ወይ አዲስ ማክ መግዛት፥ ወይ ሌላ ፕሮግራም ከሀሁ ጀምሮ መማር። ዛሬም ሎጂክን በኮምፒዩተር የሚፈልግ ሰው ማክ ከመግዛት በቀር መንገድ የለውም፤ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የተባለው የቤልጂግ ፕሮግራም ደግሞ በዊንዶውስ ላይ አድጎ፥ ለማክ የሚሆን እትም በይፋ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኤብልተን ላይቭ፥ ኩቤስና ፕሮ ቱልስ በዊንዶውስና በማክ ላይ ይሠራሉ፤ በሊኑክስ ላይ ግን አይሠሩም። ሪፐር፥ ቢትዊግና አርዶር በሦስቱም ላይ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነውና። አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ኮምፒዩተር ነው። ያገለገለ ዕቃ በመግዛት ነውር የለም፤ ዳሩ ግን የሥርዓተ ክወናው ዕድሜ ከዕቃው መልክ ጋር አንድ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ እንክብካቤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና፥ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛው ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስለዚህ ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ብሎ ሲያሞግስላችሁ፥ ስንተኛው ትውልድ ነው ብላችሁ ጠይቁት። አሮጌ አይ ሰቨን ከአዲስ አይ ፋይቭ ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የማኩ ወጥመድ ከዚህ ይብሳል፤ መልኩ አያረጅምና። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የኢንቴልን ፕሮሰሰር ትቶ ኤም ዋን በተባለው በራሱ ፕሮሰሰር መሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ማክ ኦኤስ 26 የኢንቴል ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው እትም መሆኑንም ራሱ አስታውቋል። በሱቅ መስኮት ውስጥ የሚያብረቀርቀው ርካሽ ማክ ብዙ ጊዜ የኢንቴሉ ነው። ዛሬ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ይሠራል። ነገር ግን የዕቁብ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ለአምስትና ለስድስት ዓመት መታሰብ አለበት። አፕል የቆየውን ለመጣል አያመነታም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የተባለው እትም ሲወጣ፥ በ32 ቢት የተሠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ቀን መከፈት አቆሙ፤ ከእነዚያም መካከል ሙዚቀኞች ዓመታት የሠሩባቸው ፕለጊኖች ነበሩ። ማይክሮሶፍት በዚህ ረገድ የበለጠ ታጋሽ ነው፤ ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ላይ ዛሬም ይከፈታሉ።

ለማክም የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። በኤም ፕሮሰሰር የተሠራው ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የለውም። ይህ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ አንድ ክፍል ብቻ ባለው ቤት በገና ወይም ማሲንቆ ቀርጾ ይሞክር። ማይክሮፎንና ኮምፒዩተር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲውሉ፥ የማራገቢያው ጩኸት ከአውታሩ ንዝረት ሥር ገብቶ ይቀረጻል። ባትሪውም ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተቃራኒው ግን የእነዚህ ማኮች ሜሞሪ ከዕቃው ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ፥ በ8 ጊጋባይት ከተገዛ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ 8 ነው። ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች በኋላ ተከፍተው ሜሞሪ ሊጨመርባቸው ይችላል፤ ገዢው ግን ይህን በሱቁ ውስጥ አስከፍቶ ቢያይ ይሻላል፥ ዛሬ የእነርሱም ብዙዎቹ እየተጣበቁ ነውና።

ሊኑክስን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው አሮጌ ላፕቶፕ በቤቱ ያለው ሰው፥ ኡቡንቱ ስቱዲዮን ያለ አንዳች ክፍያ ጭኖ፥ በአርዶር ወይም በሪፐር ድምፅ መቅረጽ ይችላል። ሪፐር ለ60 ቀን በነጻ የሚሞከር ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ለግለሰብ የሚጠይቀው ዋጋ 60 ዶላር ነው። ለመዘምራን ቀረጻ፥ ለንግግር፥ ለአንድ ድምፅና ለአንድ ክራር ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ጓደኞቹ የሚጠቀሙባቸውን የታወቁ የመሣሪያ ድምፆችና ፕለጊኖች ሲፈልግ ነው፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ለሊኑክስ አልተሠሩም። የዊንዶውሱን ፕለጊን በድልድይ አሻግሮ የማሠራት ዘዴ አለ፤ አንዳንዱ ይሠራል፥ አንዳንዱ እንቢ ይላል። መጠገን የሚወድ ልጅ ይደሰትበታል፤ ዜማው ከመጥፋቱ በፊት መቅረጽ የሚፈልግ ልጅ ግን ይማረርበታል።

እዚህ ላይ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ወራት፥ አጎቴ ለሕክምና ቀጠሮ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ መጥተው እኔ ቤት ዐርፈው ነበር። በገና ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲደረድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ልቅረጽ ብዬ ብዙ ጊዜ ለምኛቸው፥ በገና ለጸሎት ነው እንጂ ለመኪና አይደለም እያሉ ሲከለክሉኝ ኖረው፥ በዚያ ጊዜ ግን ምን እንደ ታሰባቸው አላውቅም፥ እሺ አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ሊቀመጡልኝ ተስማማን። እኔም ከደስታዬ ብዛት የተነሣ፥ ሁሉ ነገር አዲስና የተሟላ ይሁን ብዬ፥ በዚያው ሌሊት ኮምፒዩተሬን ወደ አዲሱ የሥርዓተ ክወና እትም አሸጋገርሁት።

ጠዋት በገናው ተቃኝቶ፥ አጎቴም ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀምጠው፥ ማይክሮፎኑን ስሰካ የድምፅ ሳጥኑ በኮምፒዩተሩ ዘንድ እንዳልተፈጠረ ሆነ። የሳጥኑ ሠሪ ለአዲሱ እትም የሚሆነውን ድራይቨር ገና አላወጣም ነበር፤ ያወጣውም ከሁለት ወር በኋላ ነው። አሮጌውን እትም ለመመለስ ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ነበረብኝ፤ ኢንተርኔቱም በዚያ ጠዋት ይንጠባጠብ ነበር። አጎቴ ሦስት ሰዓት ያህል አንዲት የቍጣ ቃል ሳይናገሩ ጠበቁኝ፤ ከዚያ በኋላ የሐኪሙ ቀጠሮ ደረሰ። በስልኬ የቀረጽሁት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ በመካከሉም የጎረቤት የቆርቆሮ በር ሲዘጋ ይሰማል። አጎቴ በዓመቱ ዐረፉ። በቤተ ዘመዱ እጅ የቀረው የድምፃቸው መታሰቢያ ያ ብቻ ነው። ሳጥኑን የሠሩትን ሰዎች ልወቅስ ብዬ ነበር፤ ሳስበው ግን አሻሽል ብሎ ያዘዘኝ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ በእኔ ቤት የጸና ደንብ አለ። በእጅ ያለ ሥራ ሳያልቅ ሥርዓተ ክወናው አይነካም። አዲስ እትም ሲወጣ፥ የፕሮግራሙም የሳጥኑም የፕለጊኖቹም ሠሪዎች «ይሠራል» ብለው በየገጻቸው እስኪያስታውቁ ድረስ፥ ግማሽ ዓመትም ቢሆን፥ እጠብቃለሁ። ከመሸጋገሬም በፊት የኮምፒዩተሩን ሙሉ ግልባጭ በውጭ ዲስክ ላይ አኖራለሁ። ሥራው ሲያልቅም እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው በዋቭ ፋይል አውጥቼ አስቀምጣለሁ፤ የፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚከፍተው ላይገኝ ይችላል፥ ዋቭ ግን በሦስቱም ሥርዓተ ክወናዎች ላይ ይከፈታል።

ስለ ክራክ፥ ማለት መቈለፊያው ተሰብሮ በፍላሽ ስለሚዞረው ፕሮግራም፥ አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ እውነተኛ አልሆንም። በየሱቁ «ሁሉንም ጭኜልሃለሁ» ተብሎ የሚሰጠው ይህ ነው። የሰው ላብ መሰረቅ መሆኑን ለእናንተ ማስተማር አይገባኝም፤ ዶላር የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ወጣት ምን ያድርግ የሚለውም ጥያቄ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የምለው ከዛሬው ጉዳይ ጋር የተያያዘውን ብቻ ነው። ክራክ ያለበት ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወናው በተሻሻለ ቍጥር ሊሰበር የሚችል ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ማሻሻልን ፈርቶ ይኖራል፤ ካልተሻሻለ ደግሞ ለቫይረስ የተጋለጠ ነው፤ ክራኩም ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ይዞ የሚገባ ነው። በማክ ላይ በነጻ የሚገኘው ጋራዥባንድ፥ በሦስቱም ላይ የሚሠራው ሪፐር እያሉ፥ ለጀማሪ ልጅ ይህን ሁሉ መሸከም ምን ያደርግለታል?

ወደ ወዳጄ ልመለስ። በቀጠሮአችን ቀን ልጁን ይዞ መጣ። እኔም ለልጁ ወረቀት ሰጥቼ ሦስት ነገር እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት፤ የሚሠራበትን ፕሮግራም፥ ያለውን ወይም የሚያስበውን የድምፅ ሳጥን፥ አብረውት የሚሠሩትን ጓደኞች። ልጁ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ብሎ ጻፈ፤ ሳጥን የለኝም አለ፤ ሁለት ጓደኞች አሉት፥ ሁለቱም በዊንዶውስ ይሠራሉ፥ ፋይልም ይለዋወጣሉ። ፕሮግራሙ በማክም ላይ ስለሚሠራ ወረቀቱ ማክን አልከለከለውም፤ ነገር ግን ሲቸግረው ሮጦ የሚጠይቃቸው ሰዎች በዊንዶውስ ላይ ናቸው፤ በማክ ዋጋም ላፕቶፕ፥ የድምፅ ሳጥንና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ በአንድነት ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል፥ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ግዛ አልሁት። ልጁ ሎጂክ ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ኤም ፕሮሰሰር ያለውን ማክ ፈልግ እለው ነበር፤ ክራር ብቻ እቀርጻለሁ ቢል ኖሮ ደግሞ ቤታቸው ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ጭነን የዕቁቡን ገንዘብ ለቤት ኪራይ ባስቀረነው ነበር።

ወዳጄ የእኅቱ ልጅ እንዳይስቅበት ትንሽ ቢሠጋም፥ ላፕቶፑ ባለፈው ማክሰኞ ቤቱ ገብቷል። የድምፅ ሳጥኑን ግን እስከሚቀጥለው ወር ደመወዝ አቆይቶታል፤ እስከዚያው ድረስ የእኔን አሮጌ ሳጥን አውሼዋለሁ። ለዊንዶውስ 11 የሚሆን ድራይቨር እንዳለውም አስቀድሜ አረጋግጫለሁ።